ያልታጠበው ጠገራ

አክስቴ እታፈራሁ ባሕር አይታ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሮቤ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትተይብ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ጠገራ ብር መሰብሰብ ሆነ። አያቶቻችን የተገበያዩበት፣ የንግሥት ምስል ያለበት ጠገራማ ባሌ ውስጥ አይጠፋም። እሷ የምትፈልገው ግን ከሰመጠ መርከብ የወጣውን ብቻ ነው። ጁሀራ የምትባል የጊኒር ነጋዴ በበርበራ ወደብ ባሉ ዘመዶቿ በኩል፣ በዓመት አንድ ቢቀናት ታመጣላታለች። ጥቁር ነው፣ ጨው የበላው፣ ንግሥቲቱም አፍንጫ የላትም። ዘመድ ሁሉ ሳቀባት። እኔም ስቄአለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሰባት ደርሰውላት ነበር። ባለፈው ፋሲካ እህቷ እኅተማርያም ላስደስታት ብላ ስድስቱን በሎሚና በአመድ ፈትጋ መስታወት አስመሰለቻቸው። ሰባተኛው የተረፈው አክስቴ በቦርሳዋ ይዛው ስለወጣች ነው። እኅተማርያም ምርቃት ስትጠብቅ አክስቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከባሕር መውጣቱን የሚመሰክረው ያ ጥቁረት ነበር፤ ከታጠበ በኋላማ ከሌላው ጠገራ በምን ይለያል?

ልጇ ጸሎት ልታገባ ስትል፣ አክስቴ ያን የቀረውን አንዱን በአንገቷ ልታስርላት ፈለገች። ማንጠልጠያ እንዲያበጅለት ጎባ ያለው ብር ሠሪ ጎሹ ዘንድ አብረው ሄዱ። ጎሹ የብሩን ድምፅ ሊሰማ ድንጋይ ላይ ጣለው፤ አልጮኸም። በንግሥቲቱ ደረት ላይ ያሉትን ፈርጦች፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንደሚለይ የድሮ ሰው፣ ቆጠረ፤ ጎደሉበት።

“አዴ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው” አላት።

“የጎደለውን ባሕሩ ወስዶታል” አለችው አክስቴ።

ለማንኛውም ልጠበው ብሎ ሎሚ ሲያነሳ እጁን ያዘችው። ጸሎት በበኩሏ አማቶቼ ድሃ ይሉኛል፣ ካልታጠበ አላደርገውም ብላ አኮረፈች።

“እንግዲያው እኔ አደርገዋለሁ” አለች እናቷ።

አደረገችውም። የሠርጉ ቀን ሴቱ ሁሉ በወርቅ ሲያብለጨልጭ፣ በነጭ ቀሚሷ ላይ ያ ጥቁር ጠገራ ተንጠልጥሏል። እኔ ራሴ አፈርኩ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ሐመልማል ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ምነው ሳያጥቡት መጡ አሏት።

አክስቴ ድምፅዋን አልቀነሰችም። “እትዬ፣ ይሄ ሰማንያ ዓመት ባሕር ውስጥ ታጥቧል። እዚህ ድንኳን ውስጥ የሱን ያህል የታጠበ የለም።”

ጸሎት ከሙሽራ ወንበሯ ሰምታ ሳቀች። ከዚያ ወርቋን ወደ ጎን አድርጋ ጠገራውን እንድታስርላት አንገቷን ለእናቷ አቀረበች።