የሸሸሁት ጠረን

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው፤ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ እንጅባራን ብዙው ሰው ገና ኮሶበር በሚልበት ዘመን። ክሊኒኳ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበረች። ማዕረጌ ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት ማለት ነው። በላዬ ዋና ድሬሰር ነበሩ፤ ጋሼ ዘለቀ ይባላሉ፣ ከጦር ሠራዊት የመጡ። መድኃኒት ከዳንግላ ይመጣልናል፤ ሐኪም የሚባል ሰው ለማየት ግን ደብረ ማርቆስ መውረድ ነበር።

ያን ዕለት ጋሼ ዘለቀ ፕሪመስ ምድጃ ላይ የፈላውን የጥርስ ጉጠት አውጥተው ሰጡኝና “በል ጀምር” አሉኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አፋቸውን ከፈቱ። የከረመ መግል ሸተተኝ። ትንፋሼን ይዤ ቶሎ ልገላገል ስል ከታመመው ጥርስ አጠገብ ያለውን ደኅናውን ያዝኩት። ሽማግሌው እጄን መንጭቀው ጣሉት።

“አንተ! እሱ እኮ የምበላበት ነው!”

ጋሼ ዘለቀ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ጥርስ የሚነቀለው በዓይን ነው እንጂ በአፍንጫ አይደለም” አሉኝና ጉጠቱን ተቀብለው ራሳቸው ነቀሉት።

እውነቱን ልናገር፤ የሰው አፍ አልወድም ነበር። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ምንም አይመስለኝም። አፍ ሲሆን ግን እሸሻለሁ። ምን ይደረግ! ጥርሱን የታመመ ሰው ሲመጣ “ውሃ ላፍላ” እያልኩ ወደ ፕሪመሱ እሄዳለሁ፤ ጋሼ ዘለቀ ይነቅላሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ኩፍኝ ገባ። ባላገሩ ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ጨለማ ቤት ያስተኛል፣ ይሸፍናል፣ ወደ ክሊኒክ ግን አያመጣም። “ኩፍኝ መርፌ አይወድም” ይባላል። የሚመጡልን ኩፍኙ ከለቀቃቸው በኋላ ሳል ወይም የዓይን ሕመም የቀረባቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ የገበያ ቀን ከጥርባ በኩል አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቱ ጥሩነሽ ትባላለች። እናትየዋ የሚቀናት አገውኛ ነው፤ አማርኛዋ የገበያ ናት። የልጅቱን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች።

“ኩፍኙ ለቀቃት። ግን አትበላም። ለሃጯ ይፈሳል” አለችኝ።

ጎንበስ ስል ከነጠላው ሥር የሞተ አይጥ የመሰለ ጠረን መጣብኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እናትየዋ አየችኝ፤ ፊቷ ቀላ፣ ነጠላውንም አጥብቃ ሳበችው። ለእኔም ተመቸኝ። የልጅቱን ዓይን አየሁ፣ ደረቷን አዳመጥኩ፣ የዓይን ቅባትና የሳል ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። መዝገቡ ላይ “ኩፍኝ፤ ታይታለች” ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ዘለቀ መዝገቡን ሲያገላብጡ ጠሩኝ።

“ይቺ የጥርባዋ ልጅ ምን ነበረባት?”

“ኩፍኙ ለቋታል። አትበላም፣ ለሃጯም ይፈሳል አለች እናቷ።”

“አፏስ?”

“እናቷ ሸፍናው ነበር።”

“ለምን ሸፈነችው? ሸቶህ ነበር እንዴ?”

“ትንሽ” አልኩ።

መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። “ታይታለች ብለህ ጽፈሃል! በምንህ ነው ያየሃት?” ሠራዊት ውስጥ ሳሉ ከኩፍኝ በኋላ ጉንጭ የሚበላ ቁስል አይተዋል። በድድ ይጀምራል፣ ይገማል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉንጩን ይበሳዋል፤ ብዙዎቹ ልጆች ይሞታሉ። ስሙ ኖማ መሆኑን እኔ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። “የክሊኒኳን በቅሎ ጫን” አሉኝ። “ፔኒሲሊኑን ሁሉ ውሰድ። ልጅቱ ሳትድን ዓይንህን እንዳላየው።”

ቤታቸው ስደርስ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። የልጅቱ አባት አቶ አየነው የፈረስ ነጋዴ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሰሙኝ።

“ጊዮርጊስን! ኩፍኝ መርፌ አይወድም። የወንድሜን ልጅ ወጉት፣ በማግሥቱ ቀበርነው።”

“ኩፍኙማ ሄዷል” አልኳቸው። “አቅሟን ጨርሶት ነው የሄደው። አሁን የሚበላት አፏ ውስጥ ያለው ጀርም ነው።”

“ይህ ወሬ ነው።”

ተናደድኩ። በራሴ መናደድ ሲገባኝ በእሳቸው ተናደድኩ። “አቶ አየነው፣ ፈረስ ሲገዙ የባለቤቱን ወሬ ሰምተው ነው የሚገዙት?”

“አፉን ከፍቼ አያለሁ እንጂ!”

“እንግዲያው የልጅዎንም ከፍተን አብረን እንይ።”

ወደ ውስጥ ገቡና ልጅቱን አቅፈው ወደ ደጁ ብርሃን አወጧት። ግራ ጉንጯ አብጦ ያብለጨልጫል። በማንኪያ እጀታ ከንፈሯን ገለጥ አደረግሁ። ጠረኑ ፊቴን መታኝ፤ አልሸሸሁም። ድዷ ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ወደ ጉንጯ ገብቷል። ዕድሜ ልካቸውን የፈረስ አፍ ሲያዩ የኖሩት ሰው ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

“ጥርሷ ተነቃንቋል” አሉ ቀስ ብለው። “ድዱ ሞቷል። በል ውጋት።”

ስምንት ቀን እዚያው ከረምኩ። ጠዋትና ማታ መርፌውን በድስት አፍልቼ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። አፏን በጨው ውሃ አጥባለሁ፣ የሞተውን ሥጋ በወረንጦ እለቅማለሁ። እናቷ ወተት በእንቁላል መትታ በማንኪያ ታንጠባጥብላታለች። ለእኔም መኝታዬን ታነጥፍልኛለች፣ ትኩሱን ታቀርብልኛለች፤ ቃል ግን አትናገረኝም። አማርኛው ቸግሯት ነው ብዬ ተውኩት።

በአራተኛው ቀን ጥቁሩ ሥጋ ወደቀ። ከአፏ ጥግ አጠገብ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀረ። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ትኩሳቱ ግን በዚያው ቀን መውረድ ጀመረ።

በስምንተኛው ቀን ልጅቱ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው።

“ራበኝ ነው ያለችው” አሉኝ አቶ አየነው።

ስሄድ አቶ አየነው ሊሸኙኝ ፈረሳቸውን ጫኑ። መንገድ ላይ ምርቃቱን አወረዱት። “ልጄን ከመቃብር መለስካት፤ ዘርህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ!” ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሸከም አልቻልኩም።

“አቶ አየነው፣ አይመርቁኝ” አልኩ። “የገበያ ቀን ባለቤትዎ ይዛት መጥታ ነበር። አፏን አላየሁም። ሸተተኝና ሸሸሁ። ያን ቀን ባየው ኖሮ ምናልባት ጉንጯ አይበሳም ነበር።”

ፈረሱን አቆሙት። ይሰድቡኛል፣ ወይም በያዙት አለንጋ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

“አውቃለሁ” አሉ። “ነግራኛለች። ወደ ኋላ ስትል አይታሃለች። ሲብስባት ለመርፌ ሳይሆን ለሽሮፑ ደግመሽ ውሰጃት ብላት እንቢ ያለችኝ ለዚህ ነው። ‘ሐኪሙም ተጸየፋት’ ብላ፣ በር ዘግታ ስታለቅስ ነው የደረስክ።”

ስምንት ቀን ሙሉ እያወቁ አብልተውኛል። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው የለም፤ ኮሶበር ሲደርሱ እንደ ባለውለታ ጉልበቴን ሳይሆን እንደ ወዳጅ ትከሻዬን ስመው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች ሲያገኙኝ የአፍ ጤንነትና ተላላፊ በሽታ ስላላቸው ዝምድና ብዙ እየተጠና ነው ይሉኛል። ይጠና፣ ደስ ይለኛል። እኔ የማውቀው ትንሽ ነው። ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ ሲመጣላችሁ አፉን ከፍታችሁ እዩ። ከሸተታችሁ ቀረብ በሉ። እናትየዋ ፊታችሁን እያየች ነው።