በሽቦ የፈገፈግኋቸው ኩባያዎች

ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለእናቴም። ለእናንተ ግን ልናገር።

ጀውሃ፣ አስፋልቱ ዳር ባለው የእትዬ አስካለ ምግብ ቤት እኔና ዘይነባ እንሠራ ነበር። ዘይነባ ከአሊዩ አምባ የመጣች፣ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድር ባልንጀራዬ ነበረች። እትዬ ስድስት የሻይ ኩባያዎች ነበሯቸው፤ ጠርዛቸው ወርቅማ፣ ውስጣቸው ጽጌረዳ የተሳለባቸው፣ እናታቸው ሲድሯቸው የሰጧቸው። የሻይ እድፍ ጽጌረዳውን አጥቁሮት ነበርና፣ ለፋሲካ እንድናጸዳላቸው አዘዙን።

ዘይነባ አሳየችኝ። "ግማሽ ሎሚ ጨው አስነክተሽ እሺው። ካልለቀቀ በሎሚ ውሃ ዘፍዝፈሽ ተዪው" ብላኝ ገበያ ሄደች።

እኔ ቸኮልኩ። የድስት ማጠቢያውን ሽቦ አንስቼ ፈገፈግሁ። እድፉ ለቀቀ፤ ወርቁም ጽጌረዳውም አብሮት ለቀቀ። በመጀመሪያው ኩባያ አየሁት እኮ! ታዲያ ለምን ሁለተኛውን አነሳሁ? ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ አይታወቅም ብዬ። ስድስቱንም ፋቅሁ።

ዘይነባ ከገበያ ከተመለሰች በኋላ እትዬ ኩባያዎቹን አዩ። "ማናችሁ ናችሁ?"

"ዘይነባ ናት" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

"ወላሂ አልነካሁም!" አለች ዘይነባ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። በዚያው ቀን እትዬ አባረሯት፤ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ያኔስ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። አምና ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት መክፈቷን ሰምቼ ሄድኩና፣ ሳልቀመጥ ነገርኳት።

"አውቅ ነበር እኮ፤ ሽቦው ጣቶችሽን ቧጭሯቸው ነበር" አለችኝ። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእትዬ ንገሪያቸው።"

በማግስቱ ጀውሃ ሄጄ እትዬ እግር ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ። አርጅተዋል። "ለዘይነባ ደውዪልኝ" አሉ። "ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ አፉ በዪኝ" ሲሏት፣ ዘይነባ ከወዲያ ስታለቅስ ተሰማኝ።

ከዚያ ወጥቼ መንገድ ዳር ማንጎ ገዛሁ። ቆሜ ስበላ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ፤ ሳቄ መጣ። ያን ያህል ቀሎኝ ነበር።

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው አልላችሁም። ዘይነባም ልጅ ነበረች። ዋሽቼ እንጀራዋን ቆረጥኩ፣ አለቀ። እስካሁን አፉ አላለችኝም። ባትለኝም እውነቷን ነው።