ወንበር ላይ የተቀመጠ ማንቆርቆሪያ

መነባንብ የሚሉትን ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ሞጣ ድረስ ልሰማው የሄድኩት። ልጄ ደውላ «አባባ፣ በወላጆች ቀን መነባንብ አቀርባለሁ፤ ይምጡልኝ» አለችኝ። እሷ ሞጣ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ቤታችን ብቸና ብቅ ብላ አታውቅም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ፈተና አለብኝ ትላለች። አሁን ራሷ ስትጠራኝ ደስ አለኝ፤ ለፋሲካ ቤቷ እንድትመጣ ሳላስምላት አልመለስም አልኩ።

እናቷም መሄድ አምሯት ነበር። ነጠላዋን አጥባ አስጥታ ባይ «እህሉን ማን ሊጠብቅ ነው?» አልኳት። ነጠላው ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። ልጅነቴን ግን ቅኔ ቤት ነው የጨረስኩት፤ ስለዚህ በንግግር ነገር ማንም እንዲመክረኝ አልወድም። ሚኒባሷ ውስጥ ጎኔ ለተቀመጠው ሰውዬ ስለ ልጄ ስነግረው ስነግረው ግንደወይን ስንደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ወይ ወሰደኝ አለ፣ እሱ ያውቃል።

አዳራሹ ውስጥ የአማርኛ መምህርቷ አጠገብ ፊት ወንበር ሰጡኝ።

«መነባንብ ምንድን ነው ግን፣ የኔ ልጅ?» አልኳት።

«አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ድራማ ነው፣ አባቴ። ሌላ ሰው አጠገቡ ቢኖር እንኳ መልስ አይሰጥም። እሱ ይናገራል፣ ያኛው ዝም ይላል።»

«እንግዲህ አፏን የወረሰችው ከኔ ነው» አልኩና ኮራሁ።

ልጄ የወንድ ኮት ለብሳ ብቅ አለች። ኮቱን አውቀዋለሁ፤ ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን የገለበጥኩለት የራሴ ኮት ነው። አንድ ባዶ ወንበር አስቀመጠች፣ ወንበሩ ላይ ማንቆርቆሪያ አኖረች። ከዚያ እህ፣ እህ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ትንሽ ዝም አለች። ሳሉ የኔው ነው።

ሁለት እጇን ለመታጠብ እንደሚሰጥ ሰው ዘርግታ ጀመረች፦ «እኔ ባልናገር ይሄ ቤት፣ ቤት ይሆን ነበር? ንገሪኝ እስቲ! አፍ የለሽም? ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልጨርስ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ቤታችን እንዲህ ነው። ማታ እራት ሲደርስ ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ትመጣለች። እጄን እዘረጋለሁ፤ ልክ ስዘረጋ ወሬ ይመጣብኛል። የገበያው፣ የዘመኑ፣ የወንድሟ፣ ምኑ ቅጡ። እኔ እስክጨርስ ጎንበስ እንዳለች ትቆማለች። በመሃል ውሃ ብታፈስ ነገሬን ያቋረጠች ይመስለኛል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አታፈስም። እኔ ይህን ማዳመጥ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። ልጄ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ገበታው ዳር ቁጭ ብላ ስታይ ኖራለች።

መድረኩ ላይ ስለ ቅኔ ቤት ተናገረች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተናገረች፣ ወንበሩን «ለምን አትመልሺም?» እያለች መልስ ሳትጠብቅ አለፈች። መጨረሻ ላይ የተዘረጋ እጇን አየችና ማንቆርቆሪያው ላይ ጮኸች፦ «ምን ይገትርሻል? እራቱ ቀዘቀዘ እኮ!»

ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። መምህርቷ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ። አፈርኩ። ሰው ስለሳቀ አይደለም፤ እኔ ከምለው ላይ አንዲት ቃል እንኳ ስላልጨመረች ነው።

ስትወርድ ኮቱን እንደለበሰች መጥታ ጉልበቴን ሳመች።

«አባባ፣ ተቀየሙኝ?»

«ጎበዝ ነሽ» አልኩ። «ለፋሲካስ ትመጫለሽ?»

መሬት መሬት እያየች «ፈተና አለብን» አለችኝ። ማስማሉን ተውኩት።

በመልሱ መንገድ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ከየት እንደምመጣ ብትጠይቀኝ «ከሞጣ» ብዬ በመስኮት ማየት ያዝኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እህል ሳሻሽጥ ስንቴ ተርቼዋለሁ፣ ለራሴ ብዬው ግን አላውቅም።

ቤት ስገባ እራት ደርሷል። ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች። እጄን ዘረጋሁ፣ አልተናገርኩም። ውሃውን ሳታፈስ ትንሽ ጠበቀችኝ።

«አሞዎታል?» አለች።

«ደህና ነኝ። አፍሽው።»

እያፈሰሰች «ልጄስ እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«ደህና ነበረች። መነባንብ የሚሉትን አቀረበች።»

«ሳሉን አልረሳችውም?»

ቀና ብዬ አየኋት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከጋብቻችን ወዲህ እንዲህ ረጅም ነገር ስትናገር የሰማኋትም አይመስለኝም፦ «ከሳሉ በኋላ ትንሽ ዝም በይ፣ አባትሽ ወዲያው አይጀምሩም ብዬ በስልክ ሳለማምዳት ነው የከረምኩት። ኮቱንም የላክሁላት እኔ ነኝ። ዝም አለች?»

«አለች» አልኩ።

ውሃው ከእጄ እየተንጠባጠበ ነበር። የምጠይቃት ብዙ ነበረኝ፤ ወንበሩ ላይ አንቺ ብትሆኚ ምን ትይ ነበር ልላት ፈለግሁ።

«እስቲ ተቀመጪ» አልኳት።

አልተቀመጠችም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ቆመች። ልናገር መስሏት።