ጆሮዬን ያጣሁበት የስፌት ዓመት

ሳሉ የጀመረኝ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ቆሜ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በጥጥ ብናኝ ላይ ጣልሁት። ከመካከላችን የማይስል ማን ነበር? ከፈረቃ በኋላ ወጥተን ጉሮሯችንን ጠርገን ወደየቤታችን ነው። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ቀሚሴ ከወገቤ ሰፋ። አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ አክታዬ ተመረመረ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣ «የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናል። ግን ዓመት ሙሉ ነው፤ አንድ ቀን እንዳታቋርጪ» አለኝ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሕፃን እንዳለ ጠየቀኝ።

ነበረች። ውባለም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። አፏን ገና አልፈታችም፤ «እማ» እና «ውኃ» ከማለት ብዙም አታልፍም ነበር።

ባለቤቴ ተፈራ በጣና ላይ በሚመላለስ ጀልባ የሞተር ሠራተኛ ነው፤ እናቱ ጎርጎራ ይኖራሉ። ልጅቱን ወደ እሳቸው ወሰዳት። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ ከሩቅ ቆምሁ። አልሳምኋትም። ጀልባው እስኪርቅ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሕክምናው ሁለት ወር በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታያሴታዞንና አይሶናያዚድ የሚባሉ ክኒኖች ነበሩ። መርፌውን የሚወጉኝ ድሬሰር አቶ ቢያድግልኝ በመጀመሪያው ቀን፣ «ስሚኝ ይታይሽ፣ ጆሮሽ ከጮኸ ወይም ካዞረሽ የዚያኑ ዕለት ንገሪኝ፤ አደራ» አሉኝ። እሺ አልሁ።

ከፋብሪካ የሕመም ፈቃድ ተሰጠኝ፤ የደርግ ጊዜ ነበርና የቀበሌ ስብሰባም ቀረልኝ። በጤናዬ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ። ጎረቤት ደጃፌን እየሸሸ ሲያልፍ፣ እትዬ ዘሐራ ብቻ በረንዳዬ ጫፍ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ይቀመጡ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናቸው፤ ለሰፈሩ ልብስ ይሰፋሉ። «ከምትተክዢ እጅሽን አሠሪው» ብለው መርፌና ክር ሰጡኝ፤ ከፋብሪካ የገዛሁት የአቡጀዲ ቁራጭ ነበረኝ። ለውባለም ቀሚስ ልሰፋ ተነሣሁ።

ጨርቅ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ልብስ ግን ሰፍቼ አላውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ ከፊቴ እየተጠቀለለ ይሄዳል፤ ማን እንደሚለብሰው አላውቅም፣ ማወቅም ሥራዬ አልነበረም። የመጀመሪያውን እጅጌ በግማሽ ቀን ጨርሼ ኮራሁ። እትዬ ዘሐራ ገልብጠው አዩት።

«አንች፣ ፈረቃ የለብሽ፣ ማን አባረረሽ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፍችው።»

ፈታሁት። ሁለተኛው ሦስት ቀን ፈጀ። ተፈራ ከጎርጎራ በተመለሰ ቁጥር የልጅቱን ቁመት በክር ለክቶ ያመጣልኛል፤ የተናገረችውንም ይነግረኛል። «ጀልባው መጣ» አለች። ዶሮዎቹን ተቆጣች። በመሠረተ ትምህርት በተማርሁት ፊደል ቃሏን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍሁ። ስትመለስ ከአፏ እሰማዋለሁ እያልሁ ነበር የምጽፈው።

በአምስተኛው ሳምንት ጆሮዬ ጮኸ። ጋን ውስጥ እንደገባ ጢንዚዛ። ይህንም በፋብሪካው አመካኘሁ፤ የሽመና ክፍል ሰው ጩኸቱን ይዞት ነው ቤቱ የሚገባ። አቶ ቢያድግልኝ ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ አልሁ። እውነቱን ልናገር፦ ግማሹ አለማወቅ ነው፣ ግማሹ ፍርሃት። መርፌውን ቢያቆሙብኝ ዓመቱ ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ልጄም ትርቀኛለች ብዬ ነው።

መደንቆሬን እንዳላውቅ ያደረገኝ ደግሞ ሙያዬ ነው። በሽመና መኪናዎቹ ጩኸት መካከል እኛ የምንነጋገረው ከንፈር እያየን ነበር። እትዬ ዘሐራ ሲያወሩ ከንፈራቸውን አይ ነበርና የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያ መቀሱ ከጭኔ ወደቀ። ሲሚንቶ ላይ። ሲወድቅ አየሁት። አልሰማሁትም። አነሣሁና ደግሜ ጣልሁት። አልሰማሁም። ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ መንገዱ ይዋዥቅብኝ ነበር።

መርፌው የዚያኑ ዕለት ቆመ። ሐኪሙ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ቀጭን ድምፅ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። የጠፋው አይመለስም» አለኝ። እሱን ሰማሁት፤ ድምፁ ወፍራም ነው። አቶ ቢያድግልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሙሉ የስፌት መርፌ አልጨበጥሁም። ከዚያ ያው ቀሚሱ ተጀምሮ ቀርቶ ስለነበር ቀጠልሁ፤ ክኒኑን ቆጥሬ ውጬ፣ ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ ሲወጣ ተቀምጬ፣ ክሩ ሲጠብቅና ሲላላ በጣቴ እየለየሁ፣ የተንሻፈፈውን እየፈታሁ፣ ከዚህ በፊት አንዱንም ነገር እንዲህ ተጠንቅቄ እንዳልሠራሁ እየገረመኝ እስከ ምሳ እሰፋለሁ። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ መሰል ነገር ጎርጎራ ደርሶ ነበር፤ በሹራቡ ተፈራ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ሥጋዬ ተመለሰ። አክታዬ ደጋግሞ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ፤ ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሙ ድነሻል አለኝ።

ውባለምን ወደብ ወርጄ ተቀበልኋት። የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሳለች። ጥቂት አየችኝና መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር። የትልቅ ሰው ከንፈር አነብባለሁ፤ የእሷ ትንሽ አፍ ግን አመለጠኝ። ሣቅሁና ራሴን ነቀነቅሁ። ደገመችው። እንደገና ነቀነቅሁ። ወደ አባቷ ዞረች። ተፈራ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

«ለምን አትመልስልኝም ነው የምትል።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። አቅፌ ሳምኋት።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ያንኑ የነቀርሳ ምርመራ ወረቀት ለተቀበላችሁ ነው። መድኃኒቱን አልረግምም፤ በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው፣ አቶ ቢያድግልኝንና እትዬ ዘሐራንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ግን ጆሯችሁ ከጮኸ፣ ካዞራችሁ፣ ዓይናችሁ ከደከመ የዚያኑ ዕለት ተናገሩ፤ ምክንያቱን እናንተ አትፈልጉለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት የመድኃኒቱን ጉዳት ነበር። አልጋ ላይ ስትውሉም ለምትወዱት ለአንድ ሰው አንድ ነገር ሥሩ፤ ከተጣመመም አትፈሩ፣ ፍቱት።

ውባለም አሁን የልጆች እናት ናት። ከንፈሯን እንደ ፊደል ነው የማነበው፤ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ድምፅዋ ምን እንደሚመስል ግን ተፈራን ነው የምጠይቀው። «ቀጭን ነው፣ ያንችን ይመስላል» ይለኛል።