የሰጎን እንቁላልና የመምህሩ ኮሌታ

ይርጋነሽ ቢቸና ገበያ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሕፃናት ሰብስባ የምታስተምር ሴት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ምልክትን ነው፤ ከበሮው የምን ምሳሌ እንደሆነ፣ የሰጎን እንቁላል ከጉልላቱ መስቀል ላይ ለምን እንደተሰካ። ከሁሉ የምትወደው እንቁላሉን ነው። ሰጎን ዐይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም፣ እግዚአብሔርም እኛን የሚያየን እንደዚሁ ነው ትላቸዋለች፤ ልጆቹም ወደ ጉልላቱ ያንጋጥጣሉ።

ዘንድሮ አጋዥ ይሁንሽ ተብሎ አንድ ወጣት ተሰጣት። ንጋት ይባላል፤ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ የሂሳብ መምህር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልጣማትም። በሚያዝያ ሐሩር ሰው ሁሉ ደረቱን ገልጦ ሲያናፍስ፣ እሱ የሸሚዙን ኮሌታ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ይመጣል። የማተብ ክር ጫፍ እንኳን አይታይበትም። ማተብ የሌለው ሰው ከሕፃናት መካከል ምን ይሠራል? ልጆቿን ወደ ሌላ እምነት ሊያስኮበልልባት እንደሆነ ጠረጠረች፤ ጥርጣሬውም እህል አላስበላ አላት።

አንድ እሑድ ሰሌዳው ላይ ዓሣ ሣለ። የጥንት ክርስቲያኖች በስደት ዘመን ተደብቀው ሲኖሩ በዓሣ ሥዕል ይተዋወቁ እንደነበር ለልጆቹ ነገራቸው። ይርጋነሽ ከነገሩ ሁሉ «ተደብቀው» የምትለዋን ብቻ ያዘች። ይኸው በአፉ ተናገረ፣ አለች በሆዷ። ከዚያ ወዲያ ዐይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ሲያማትብ ጣቶቹን፣ ሲጸልይ ከንፈሩን ታያለች፤ ምንም አላገኘችም። ይህም ይበልጥ አስጠረጠራት፤ እንዲህ እንከን የማይገኝበት ሰው ተዘጋጅቶ የመጣ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በመጨረሻ ወጥመዷን በትምህርት ጠቅልላ መጣች። የዕለቱ ምልክት ማተብ ነው አለች። በጥምቀት ቀን አንገት ላይ የሚታሰር የክርስቲያን ምልክት መሆኑን አስረዳችና ልጆቹ እንዲያሳዩ አዘዘች። ሁሉም ከየልብሱ ሥር ክሩን ጎትቶ አወጣ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞረች።

«መምህር ንጋትም ያሳዩና።»

ንጋት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ከአገጩ ሥር እስከ ደረቱ ቆዳው በቃጠሎ ተጨማዷል። በልጅነቱ የፈላ ውኃ ተደፍቶበት ነው። አንገቱ ክር እንደማይችል፣ ቶሎ እንደሚቆስል ቀስ ብሎ ተናገረና እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ወዝ የጠጣ ጥቁር ማተብ ታስሯል።

ይርጋነሽ መግቢያው ጠፋት። ያን ጊዜ ከፊት የተቀመጠችው ትንሿ ምሥራቅ ክፋት ሳታስብ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ጋሼን ሁልጊዜ የሚያዩአቸው እንደ ሰጎኗ ነው?»

«አይደለም ልጄ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ሰጎን የምታየው እንዲፈለፈል ነው። እኔ ያየሁት እንዲሰበር ነው።»

ልጆቹ ፊት አዋርጄሃለሁና ልጆቹ ፊት ይቅር በለኝ ብላ ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ንጋት ትከሻዋን ይዞ አነሣት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አላት፤ ከልቡ ነበር። ኮሌታውን ግን መልሶ እስከ ላይ ቆለፈው።