የቤዝመንታችን ቲማቲም

እሁድ ከሰዓት ነው... ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤታችን። ባለቤቴ ትዕግስት ሶፋው ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ጋደም ብላለች። ሊጠይቋት የመጡ ሦስት የቤተክርስቲያን እናቶች ከበዋታል። በጨዋታው መሀል እትዬ ወርቅነሽ ንግግራቸውን አቋርጠው አፍንጫቸውን ቀሰር አደረጉ።

«ይሄ የሚሸተው ምንድነው?»

የሚሸተውን እኔና ትዕግስት እናውቀዋለን። ቤዝመንት ውስጥ፣ ከሥራችን ባለው ምድር ቤት፣ ካናቢስ አለ። አዎ፣ በእኛ ሰው አጠራር ሐሺሽ... ቆይ፣ አትፍረዱብኝ።

ትዕግስት ካንሰር ይዟት ኬሞ ላይ ናት። መድኃኒቱ ምግብ የሚባል ነገር አስጠላት። አንድ ጉርሻ ሳትውጥ ወደ መታጠቢያ ቤት መሮጥ ሆነ። ዓይኔ እያየ ስታልቅ ምንም ማድረግ አለመቻሌ ሊያሳብደኝ ነበር። ሐኪሟ ካናቢስ ለማቅለሽለሹም ለምግብ ፍላጎቷም ሊረዳ እንደሚችል ነገረቻት። ከሱቅ ያመጣነው ግን ራሷን አዞራትና ተወችው። ያኔ ሄርንደን የሚኖር አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ «ለዘብ ያለውን ዓይነት ቤትህ አብቅልላት፤ ሜሪላንድ ሁለት ተክል ይፈቅዳል፣ ሊጋል ነው» አለኝ። ሐኪሟንም ጠየቅናት፣ እሺ አለች።

እኔ ሹፌር ነኝ። በሕይወቴ ጤና አዳም እንኳ ተክዬ አላውቅም። ቤዝመንታችን ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ተክሎቹ ተመዘዙና ከላያቸው የሰቀልኩትን መብራት ሊነኩ ደረሱ። የሄርንደኑ ልጅ መላ አሳየኝ። ከተክሎቹ በላይ መረብ ትወጥራለህ። በቀዳዳው ብቅ ያለውን ቅርንጫፍ ሳትሰብር ጎንበስ አድርገህ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታሳልፈዋለህ። ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። ከመረቡ በታች ብርሃን የማያገኘውን ቅጠልና ቀንበጥ ትገርዛለህ።

አንድ ቀን መቀስ ይዤ ከመረቡ ሥር ተንበርክኬ ስገርዝ፣ ዞር ስል አማቴ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ቆመዋል። ልጃቸው ከታመመች ወዲህ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከወንድሟ ቤት መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ቅዳሴ የማይቀሩ፣ ውሸት የማይወዱ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲያዩ እንኳ መንገድ የሚቀይሩ። ትዕግስት «አባዬ ካወቀ አለቀልኝ» ብላ አስምላኛለች።

«ምንድነው እሱ?»

«ቲ... ቲማቲም ነው ጋሼ።»

ቅጠሉን ትክ ብለው አዩት። «ቲማቲም... በመረብ?»

«እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚያሳድጉት። ለትዕግስት ነው፣ ምግብ እንድትበላልን።»

ደረጃውን መልሰው ወጡ። በማግስቱ መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ። «ይቺ አምልጣለች» ብለው አንዷን ቅርንጫፍ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው በመረቡ አሳለፏት። ከዚያ ወዲያ እኔ ሥራ ስሄድ ተክሉ የእሳቸው ሆነ። አንዱ ቅርንጫፍ በሌላው ላይ ሲወጣ «ረድፍህን ያዝ» እያሉ ወደ ቦታው ይመልሱታል። መረቡ ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ትራፊክ ስለሆኑ የሚያውቁት መኪና ነው፣ አምነውኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ችግሩ አበባ ሲያወጣ መጣ። ሽታው! ፋን ብንከፍት፣ በር ብንዘጋ፣ ወይ ፍንክች...

ወደ እሁዱ ልመልሳችሁ። እትዬ ወርቅነሽ «ከታች መሰለኝ የሚመጣው» ብለው ብድግ አሉ። ትዕግስት ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። እሳቸው ካዩ ወሬው ለሰኞ አያድርም። ጋሼም እዚሁ ቁጭ ብለዋል፤ እውነቱን ከሰሙ ተክሉ ዛሬውኑ ይነቀላል። ትዕግስት ደግሞ ሌላ እስኪበቅል የምትጠብቅበት አቅም የላትም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቲማቲም ነው።»

«ቲማቲም እንዲህ ይሸታል እንዴ ጋሽ ደምሴ?»

«የአሜሪካ ነው። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

ያን ፊት ያየ ሰው መንጃ ፈቃዱን ያወጣል እንጂ አይከራከርም። እትዬ ወርቅነሽ ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲህ ሲደርስ ታቀምሱናላችሁ» ብቻ አሉ።

እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ጋሼ ቤዝመንት ወርደዋል።

«ጋሼ... ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ትራፊክ ከመሆኔ በፊት የት እንደሠራሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«የት ነው?»

«ሻሸመኔ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

ዓይናቸውን ከመረቡ ላይ አላነሱም። «ልጄ እንድትበላ ነው አላልከኝም? ብቻ እሷ ትብላልኝ... ስሙን የፈለግከውን በለው።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔም እንባዬ መጣ።

ደረሰ፣ ተቆረጠ፣ ደረቀ። ሐኪሟ እንዳለቻት በጥቂት በጥቂቱ ጀመረች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጋሼ ያቀረቡላትን ሽሮ ጨርሳ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

«አባዬ... ጨምርልኝ።»

ጨምርልኝ! ይህን ቃል ከአፏ ከሰማን ስንት ጊዜያችን! ጋሼ ሳህኑን ይዘው ኪችን ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ያን የሄርንደን ልጅም መረቁልኝ። ገና ሕክምናው አላለቀም፣ ግን እየበላች ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ኪችን ስገባ ደግሞ ጋሼ ከግሮሰሪ አንድ ፌስታል ቲማቲም ገዝተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የተለጠፈበትን ስቲከር አንድ በአንድ ይልጣሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ለወርቅነሽ ቃል ገብተናል እኮ።»

ማታ ፌስታሉ የደረሳቸው እትዬ ወርቅነሽ ደወሉ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። «ጋሽ ደምሴ፣ የቤት ቲማቲም እኮ ጣዕሙ ሌላ ነው!» ትዕግስት አፏ ምግብ እንደሞላ ሳቋ አመለጣት።

ውሸት አይወዱም ያልኳችሁ አማቴ እንግዲህ እኚህ ናቸው... ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።