ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደሰ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሁለት ቁራጭ ላሜራ እግሬ ሥር ጣሉና «በይጃቸው» አሉኝ።

ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነበር። ግቢው ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወረድ ብሎ ነው፤ የአውቶቡስና የሚኒባስ ቦዲ ይሠራበታል። በየድኩ። ጋሽ ታደሰ መዶሻቸውን አንስተው አንዴ ቢመቱት መገጣጠሚያው ለሁለት ተከፈለ።

«ይሄ ጅማ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰው በትነሽ ነበር» አሉ። «ድገሚው።»

እስከ ምሳ ሰዓት ስደግም ዋልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። እንዲያውም ነገ አልመለስም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። በማግሥቱ ግን ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ።

በዚያ ግቢ ትልቁ ነውር የሚንኳኳ ሥራ ነው። ላሜራውን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጎ በይዶ መተው፣ ወይም በቡሎን ብቻ አስሮ ማስረከብ አይታሰብም። ጋሽ ታደሰ ያለቀለትን ቦዲ በጡጫቸው እየደበደቡ ይዞሩታል። አንድ ቦታ ከተንቀጫቀጨ ያ መኪና ከግቢው አይወጣም። እኔም ፎርማን ስሆን ይህንኑ አመል ወረስኩ። ቤቴ ያሉት ቁም ሣጥኖች ሳይቀሩ ቡጢዬን ያውቁታል።

የጠፈር መርከቡ ሥራ የመጣው ፎርማን ከሆንኩ በኋላ ነው። ናሆም የሚባል ወጣት የፊልም ዳይሬክተርና ሊዲያ የምትባል ዲዛይነር አንድ ጠዋት መጥተው ቢሮ ገቡ።

«የጠፈር መርከብ እንድትሠሩልን ነው» አለ ናሆም።

ጋሽ ታደሰ አልሳቁም። «ስንት ሰው ይጭናል?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ።»

«ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ?»

የሚፈለገው የመርከቡ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስፋቱ ከሚኒባስ ብዙም አይበልጥም። ታሪኩ መርከቧ በጠፈር ድንጋይ ተመትቶ የምትንከራተት የአንዲት አብራሪ ነው። መርከቡ ወደ ጎን መተኛት አለበት፣ መንቀጥቀጥ አለበት፣ አብራሪዋም ውስጥ ሆና መጮህ አለባት።

ሊዲያ መካኒካል ኢንጂነር ናት፤ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ ሰልችቷት ነው ወደ ፊልም የገባችው። በጠፈር ፊልም ላይ አፏን ከከፈተች የሚያቆማት የለም። አየር በሌለበት ክንፍ ምን ይሠራል? እንደ ሱቅ መስታወት የተዘረጋ መስኮት ያንን ግፊት እንዴት ይችላል? ሠርግ የሚያስደግስ ኮሪደር አየሩን ማን ይሞላለታል? ካፒቴኑ ቀበቶ የማያስረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ሽንት ቤቱ የት ነው? እኔ ሥራዬን ትቼ አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር። ሌላ ሰው የሠራው ቦዲ ላይ እንከን መፈለግ የሚወድ ሰው ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ናሆም ግን ይጨነቅ ነበር። «ሊዲ፣ ሰው ፊዚክስ ሊማር አይደለም እኮ ቲኬት የሚቆርጠው» ይላታል።

«የማያምነውንም ሊያይ አይደለም» ትለዋለች።

በአብዛኛው እሷ አሸነፈች። መስኮቶቹ እንደ ሰሃን ትንንሽ ሆኑ። ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተለበጠ፤ ክብደት በሌለበት ሰው ከግድግዳ ጋር ሲላተም ይውላልና። የአብራሪዋ ወንበር በሐዲድ ላይ ወዲህና ወዲያ እንዲንሸራተት ተደረገ፤ በሁለቱም ጎን ያሉትን ማብሪያዎች ከተቀመጠችበት እንድትደርስባቸው ነው። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ሆነ።

ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ወደ ውስጥ ለምን?»

«ጋሼ፣ አየሩ ያለው ውስጥ ነው፣ ውጭው ባዶ ነው» አለቻቸው። «በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የውስጡ አየር ራሱ ፍሬሙ ላይ ይጫነዋል። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ግን መርከቡ በሩን ሊተፋው ነው የሚታገለው።»

ጋሽ ታደሰ ትንሽ አሰቡና «ልክ ናት» አሉ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ በብዙ ዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ነው የሰማሁት።

ናሆም ያሸነፈው በአንድ ነገር ነው። መርከቧ ሲመታ ከማብሪያው ሰሌዳ ብልጭታ መውጣት አለበት አለ። ሊዲያ «ፊውዝ የሌለው መርከብ ማን ነው ያበረረው?» ብላ ተከራከረች፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ተውን። ሽኩር ከውጭ ሆኖ የብረት መቁረጫው ግራይንደር ላይ ፌሮ ብረት ያስነካል፣ ብልጭታው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይረጫል። ሽኩር አብሮኝ ያደገ ሠራተኛ ነው፤ ግራይንደር ሲይዝ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ሞከርነው፤ ብልጭታው መሬት ላይ አርፎ ጠፋ። ሁላችንም አጨበጨብን።

አንድ ግድግዳ ለካሜራ ተብሎ በቡሎን እንዲታሰርና እንዲነሳ ታስቦ ነበር። ጋሽ ታደሰ ሥራው ሊያልቅ ሲል በጡጫቸው ሲዞሩት ያ ግድግዳ ተንቀጫቀጨ። «ይሄ ነገር ከእኔ ግቢ ነው የሚወጣው» አሉ። ከዳር እስከ ዳር በየድነው። ሊዲያ መጥታ ስታየው መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ በእጇ ዳሰሰችው፣ ገፋችው፣ አልነቃነቅ አለ። «እውነተኛ መርከብ ነው የሚመስለው» አለች። ናሆምም ካሜራውን ውስጥ አስረዋለሁ አለ። ፊልም ሠሪዎች የቀረጻ ቤት ሲሠሩ ግድግዳው እንዲነሳ አድርገው የሚሠሩት በምክንያት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኛ የምናውቀው አውቶቡስ ነው። አውቶቡስ ግድግዳው አይነሳም።

የቀረጻው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አብራሪዋን የምትጫወተው ቤዛ ከጀሞ በታክሲ ተጋፍታ፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ደረሰች። የብር ቀለም ያለው ቱታዋን ለብሳ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ቀበቶዋን እኔ አሰርኩላት።

«ትርሲትዬ፣ ስንጨርስ በዚሁ ጀሞ ድረስ አታደርሺኝም?» አለችኝ።

«ለመመለሻ ነዳጅ የለውም» አልኳት። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

መርከቡ ከሥሩ እንደ ሕፃን አልጋ የታጠፈ ብረት ነበረው፤ በረጅም ቱቦ ሲገፋ ይወዛወዛል። ናሆም ምልክት ሰጠ። ሰዎቹ ገፉት፣ መርከቡ በበሩ በኩል ተኛ። እንዳይመለስ ሥሩ የእንጨት ሽብልቅ አስገባንለት። ሽኩር ግራይንደሩን አስነሳ። ብልጭታው ውስጡን በብርቱካናማ ብርሃን ሞላው።

ቤዛ መጮህ ጀመረች። «ክፈቱልኝ! ክፈቱልኝ! አየር!»

ናሆም ትንሿን ስክሪን እያየ ጡጫውን ጨበጠ። «ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ እንደዚሁ ቀጥዪ» ይላል በሹክሹክታ። እኔም በትወናዋ እየተደነቅሁ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጭስም የብልጭታው መስሎን ነበር። በታሪኩ ላይ አብራሪዋ አየር ጠፍቷት መጮህ ነበረባት።

ከዚያ «ትርሲት!» ብላ ጮኸች።

እኔ ታሪኩ ውስጥ የለሁም።

«አቁሙ! እውነቷን ነው!» ብዬ ሮጥኩ። በመስኮቱ ስመለከት ጥቁር ጭስ እንጂ ሰው አይታይም። መርከቡ ሲተኛ የብልጭታው አቅጣጫ ተቀይሮ ኖሮ የግድግዳው ስፖንጅ ላይ አርፏል። የተቃጠለ ስፖንጅ ጭስ ሰውን እሳቱ ሳይደርስበት ይገድላል፤ ይህን ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቃል።

አንዱ ሮጦ የግቢውን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ። ሽኩርና እኔ በሩን ገፋነው። ጣት የምታስገባ ያህል ተከፈተና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ነው። መርከቡ ሲተኛ ወንበሩ ቤዛን እንደያዘ በሐዲዱ ተንሸራቶ በሩ ላይ ተደግፏል። እኛ ወደ ውስጥ እንገፋለን፣ የእሷና የወንበሩ ክብደት ወደ ውጭ ይገፋል። መስታወቱን ሰብሬ እጄን አስገባሁ፤ ትከሻዬ ላይ ሲደርስ መስኮቱ ያዘኝ። ጣቶቿ ጣቶቼን ነኩ፤ ልይዛቸው ስል አመለጡኝ።

የሚነሳ ግድግዳ የለም። ሁሉንም በገዛ እጃችን በይደነዋል።

ግራይንደሩን አነሳሁ። «መብራቱን አብሩት! ልቆርጠው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሊዲያ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን በሁለት እጇ ያዘች። «አይሆንም! ብልጭታው እላይዋ ላይ ነው የሚያርፈው!» ልገፈትራት ነበር፤ አልለቀቀችኝም። ከዚያ ዓይኗ ሐዲዱ ባለበት በኩል ሄደ። «በሩን ተዉት! ሁላችሁም በሩን ተዉት! መርከቡን ወደዚያ አዙሩት፣ ወንበሩ ራሱ ይሄዳል!»

ገባኝ። ግራይንደሩን ጥዬ መዶሻ ይዤ ከመርከቡ ሥር ተንበረከክሁና ሽብልቁን መታሁት። እርጥበት አሳብጦት ነበር። ደግሜ መታሁት፣ ወጣ። ካሜራማኑ፣ ናሆም፣ ሽኩር፣ ሾፌሮቹ፣ ጋሽ ታደሰ ሳይቀሩ ትከሻቸውን አስጠግተው ከበሩ ጎን ወደ ላይ ገፉ። ከባድ ነው፤ ያ ሁሉ ብየዳ፣ ያ ሁሉ ላሜራ። ከፍ አለና ተመለሰ። ከውስጥ ድምፅ ጠፍቷል።

«እንደገና! አንድ ላይ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሁለተኛው ላይ መርከቡ ወደዚያኛው ጎን ዞረ። ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ሲንሸራተት ሁላችንም ሰማነው። በሩን ገፋሁት፤ ተከፈተ። ሽኩር እርጥብ ጆንያ ራሱ ላይ ጥሎ ገባ፣ ቀበቶዋን በላሜራ መቀስ ቆርጦ አወጣት። ዝናቡ ላይ አስተኛናት። ፊቷ ጥቀርሻ ብቻ ነው። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ሳለች፣ አስመለሳት፣ አለቀሰች። እኔም ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ፎርማን ነኝ አላልኩም።

አምቡላንሱ ከወሰዳት በኋላ ጋሽ ታደሰ ባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጡ። «ከዚህ ግቢ የወጣ ሥራ ሰው ገድሎ አያውቅም» አሉ።

«ዛሬም አልገደለም» አልኳቸው።

«በሞተ ሰው ቁጥር አይደለም እኮ የሚለካው። እጄ ምን እንደሠራ እኔ አውቃለሁ።»

ሊዲያ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። «ሁሉም ትክክል ነበር» አለች። «መስኮቱም፣ በሩም፣ ስፖንጁም። ለጠፈር ሁሉም ትክክል ነበር።»

«ጠፈር ስንሄድ እንጠቀምበታለን» አልኳት። ቀልዱ ጊዜው አልነበረም፤ እሷ ግን እያለቀሰች ሳቀች።

ቤዛ ሐኪም ቤት ሰነበተች። አንድ እጇ ተቃጥሎ ነበር። እኛ መርከቡን ፈታነው። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግነው፣ ከውስጥ የሚኒባስ እጀታ ገጠምንለት። የበየድነውን ግድግዳ ቆርጠን ከውስጥ በእጅ በሚፈታ ቡሎን አሰርነው፤ ቡሎኑን ያጠበቁት ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ናቸው። ስፖንጁ ወጥቶ ተጣለ፣ ብልጭታውም በመብራት ብልጭ ድርግም ተተካ። ግድግዳው ይንቀጫቀጫል።

ቤዛ አትመለስም ብለን ነበር። ናሆም ሌላ ተዋናይት ሊፈልግ ጀምሮ ሳለ አንድ ጠዋት እጇ እንደተጠቀለለ መጣች። ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ ቀጥታ ወደ መርከቡ ሄደች።

«ራቅ በሉልኝ» አለች።

ራቅን። ገባችና በሩን በራሷ ላይ ዘጋች። በሩ ተከፈተ፣ ወጣች። ተመልሳ ገባች፣ ዘጋች፣ ወጣች። ቀጥሎ መርከቡን በበሩ በኩል አስተኙት አለች። አስተኛነው፤ በሩ ከሥር ሆነ፤ እሷ ግን የሚነሳውን ግድግዳ ቡሎን ከውስጥ ፈትታ በእግሯ ገፍታው ወጣች። በመጨረሻ መሐረቧን ዓይኗ ላይ አስራ ገባች። ይህኛው ቆየ። ሽኩር ወደ መርከቡ አንድ እርምጃ ሲሄድ ክንዱን ያዝኩት። በሩ ተከፈተ። ቤዛ መሐረቡን ከዓይኗ ሳታነሳ ላብ በላብ ሆና ቆመች።

«እሺ» አለች። «አሁን ቅረጹኝ።»

ፊልሙ ሲታይ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «በሩ የታክሲ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ዞር አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ለፊልምና ለማስታወቂያ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። ዲዛይነሮች ሥዕላቸውን ሲያሳዩኝ የሚያምረውን አደንቃለሁ፣ ልክ ያልሆነውን እናገራለሁ። ሥራው ሲያልቅ ግን በጡጫ መደብደቡን ትቻለሁ። ገብቼ በሩን በራሴ ላይ እዘጋና እወጣለሁ። ለምትከተሉኝም የምለው ይህንኑ ነው፦ ሰው የሚገባበትን ነገር ስትሠሩ መጀመሪያ ራሳችሁ ግቡበትና ውጡ። ሰው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።